በሥዕሉ ላይ የተሰፋው ኩታ

ዘመናትን የሚያውቅ እግዚአብሔር ያችን ሰዓት ያውቃታል። ሥርጉት በጦርነቱ የሞተውን ልጇን ኩታ፣ ራሷ በሠራችው የከተማው ሹም ሥዕል ትከሻ ላይ ሰፍታው ነበር፤ ጥለቱንም ለለቅሶ እንደሚለበሰው ወደ አንገት አደረገችው። በደሴ አዳራሽ የሥዕሉ መጋረጃ ሲገለጥ የሹሙ ፈገግታ ጠፋ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በቁሜ ለቅሶ ልትቀመጪብኝ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ለሞቱት እንዲያዝኑልኝ ብዬ ነው። ኩታው የልጄ ነው፤ ከእርሱ ሌላ የተረፈኝ የለም።»

«እንግዲያው ልጅሽም ደስ ይበለው» አለና መቀስ አስመጣ። «ፍቺውና ለበዓል እንደሚለበሰው አድርገሽ ስፊው!»

በሰው ሁሉ ፊት ስፌቱን ፈታች፤ ጥለቱንም ወደ ታች አዙራ ሰፋችው። ሹሙ «አሁን አማረብኝ!» ብሎ አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተከተለው። ሹሙ ግን እርሷም ታጨበጭብ እንደሆነ ዞሮ እጆቿን ተመለከተ። እርሷም መርፌውን በጥርሷ ይዛ አጨበጨበች።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ፣ አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁንም በዕድሜ ያቆይላችሁ፤ አሜን።