ቆሞ ያልታየ እግር

«በይ እንግዲህ፣ ደህናውን እግርሽን አንሺና በታመመው ብቻ ቁሚ። ከዚያ ተረከዝሽን ከመሬት አላቅቂ» አለች ፌቨን፣ የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት።

ትርንጎ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ በግራ እግሯ ቆመች። ጥርሷን ነከሰች። ተረከዟ ግን ከወለሉ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው።

«ፈርታ ነው» አሉ አባቷ አያ ደምሴ፣ ጥግ ላይ ካለችው ወንበር። ወልድያ ድረስ የመጡት በልጃቸው ልመና እንጂ በፈቃዳቸው አይደለም። ከግራና ከተማ እስከ ውርጌሳ ወለም ያለው፣ የተሰበረው፣ የወለቀው ሁሉ እሳቸው ደጅ ሲመጣ ኖሯል። የታወቀ ወጌሻ የገዛ ልጁን ይዞ ክሊኒክ ሲገባ ሰው ምን ይላል? ሚኒባሱ ውስጥ እንኳ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነበር። ለፌቨንም ማንነታቸውን አልነገሯትም።

«ፈርታ አይደለም አባባ። ይምጡና ከኋላዋ ሆነው ይዩት።»

ሄደው ከልጃቸው ኋላ ቆሙ። ትርንጎ አሁን በሁለቱም እግሯ ቆማለች። ቀኙ ቀጥ ብሏል። የግራው ቁርጭምጭሚት ግን ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ ጎድጎድ ማለት የነበረበት ውስጥ እግሯ ወለሉ ላይ ተለጥፏል፤ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረው ከኋላ ይቆጠራሉ። አያ ደምሴ ያንን እግር ስንቴ ጭናቸው ላይ አስተኝተው አሽተውታል። ቆሞ ግን አይተውት አያውቁም። የማንንም እግር ቆሞ አይተው አያውቁም፤ ሥራቸው ሁሌም ጭናቸው ላይ ነው።

ፌቨን ጎንበስ ብላ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ በጣቷ ጫን አለች። ትርንጎ እህ አለች።

«እዚህ ጋ አንድ ጅማት ያልፋል። ከባትሽ ይነሣና በዚህ አጥንት ሥር ዞሮ ውስጥ እግርሽን ወደ ላይ ወጥሮ ይይዛል፤ የድንኳን ገመድ በይው። ገመዱ ሲላላ ድንኳኑ ይቀመጣል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መርሳ ከተማ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። አውቶብስ ሲመጣ ማንጎዬን ይዤ እሮጣለሁ።»

«ሩጫው ነው የጀመረው። አሁን ግን ተቆጥቶ ብቻ አይደለም፣ ሳስቷል፤ ሳይቀደድም አልቀረ። መጀመሪያ ሲያብጥ ቢያርፍ፣ ጫማሽ ውስጥ ድጋፍ ቢገባለት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ በእንቅስቃሴ ቢጠነክር ይሻለው ነበር። ሰው አሽቶታል? ወጌሻ ጋ ሄደሻል?»

የአያ ደምሴ አውራ ጣት ጋቢው ውስጥ በራሱ ታጠፈ። ጣቱ ያንን ቦታ ያውቀዋል። ለጋ ቅቤ ቀብተው፣ ጅማቱ ከቦታው ሸሽቷል ብለው፣ እስክትጮህ ድረስ በዚያ ጣት ገፍተውታል። ቁርጭምጭሚቱን ስበው ቀጭ ሲል «ገባ!» ብለዋል። ለታካሚ ሁሉ የሚሉትንም ለሷ ብለዋል፦ «ከነገ ጀምሮ ርገጪበት፤ ካልተረገጠበት ይደርቃል።» እሷም ረገጠችበት። ሮጠችበት። ባበጠ ቁጥር ተመልሳ መጣች፤ ባሹት ቁጥር ለዚያን ዕለት ቀለል ይላትና እጅዎ ይባረክ ትላቸዋለች። አባቷ ናቸው፣ ሌላ ማንን ትመን?

«አልሄድኩም» አለች ትርንጎ፣ ግድግዳውን እያየች። «ማንም አልነካኝም። እኔው ነኝ ቸል ያልኩት።»

ፌቨን ተቆጣች። «ለማንጎ ብለሽ እግርሽን! እሺ አንቺስ ሥራ ይዞሽ ነው። አባባ፣ እርስዎ ስታነክስ እያዩ እንዴት ዝም አሉ?»

እውነቱ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጃቸው በሩን ወለል አድርጋ ከፍታላቸዋለች፤ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ በር ሲከፈትለት ሳያስብ ነው የሚገባው።

«መቼ ትሰማለች?» አሉ። «ብነግራት ብነግራት አልሰማ አለችኝ።»

ትርንጎ ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። አያ ደምሴ አፈሩ፤ የተናገሩትን ግን አልመለሱም።

«እግሩን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ አደርግልሻለሁ» አለች ፌቨን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደሴ የአጥንት ሐኪም ይየው፤ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። እስከዚያ ማሸት፣ መሳብ የለም።»

«ሩጫውስ?»

«ሩጫውን እርሺው እህቴ።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። መርሳ ላይ ተቀምጦ መሸጥ እንደማያዋጣ ለማን ትንገር? የአውቶብስ መስኮት የሚከፈተው ቀድሞ ለደረሰ ነው።

ማሰሪያው ታስሮላት ሊወጡ ሲሉ ቀጣይዋ ታካሚ ገባች፤ ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ። አያ ደምሴን ስታይ ሕመሟን ረሳች።

«ውይ አያ ደምሴ! ጠዋት ደጅዎ ብመጣ የሉም አሉኝ፤ ባጣዎት ነው እኮ እዚህ የመጣሁት! ያ ያሹልኝ ጉልበቴ ይኸው ደህና ነው። እጅዎ ይባረክ!»

ፌቨን መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥላ የሽማግሌውን እጆች፣ በመጨረሻ ትርንጎን አየች።

አያ ደምሴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ክንዳቸውን ለልጃቸው ዘረጉ። «ነይ፣ ያዢኝ» አሉ።

«ግዴለም አባዬ» አለች። አልተቆጣችም። በተዘረጋው ክንድ አጠገብ አልፋ፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ እያሳረፈች ኮሪደሩን ያዘች። አያ ደምሴ ከኋላ ቀሩ። በክፍት ጫማዋ ውስጥ፣ በያንዳንዱ እርምጃ፣ የግራ እግሯ ጣቶች ይቆጠሩ ነበር።