በሹሩባው መሀል ያለችው ፍሬ

ትርሲት እናቷን አቀፈቻት፣ በቃ ያለ መስታወት፣ ጥብቅ አድርጋ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ የሚተያዩት በመስታወት ብቻ ነበር። እናቷ እትዬ አልጣሽ መጤ አረም የወረረው ዝግ ፓርክ ውስጥ አረም ቆጣሪ ናት፤ አራት ማዕዘን ሽቦ ሳሩ ላይ ጣል ታደርግና ሽቦው መሀል የበቀለውን መጤ አረም ትቆጥራለች። የአረሙ ፍሬ ሰው ላይ ተጣብቆ ስለሚወጣ፣ የገባ ቆጣሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይወጣም፤ ሊወጣ ሲል ሲፈተሽም አንዲት ፍሬ የተገኘበት ሰው ሌላ ሁለት ዓመት እዛው ይቆያል።

ሌሎቹ ቆጣሪዎች ሲወጡ ፀጉራቸውን ተላጭተው ነው። እሷን ግን ትርሲት ናት በመስታወቱ በኩል «እማ፣ ሹሩባ ተሠርተሽ ውጪልኝ» ብላ የለመነቻት።

«አንቺ፣ አጥንት ብቻ ቀረሽ እኮ። ማነው ምግብ የሚሠራልሽ?» አለች እናቷ።

«አባዬ ነዋ። ሽሮው ሁሌ ይጓጉልበታል።»

እናቷ ሳቀች። ትርሲትም እየሳቀች ፊቷን እናቷ አንገት ስር ስትወሽቅ፣ ሹሩባው መሀል ኑግ የምታክል ጥቁር የአረም ፍሬ አየች።

ነቅላ እንዳትጥላት፣ «አንዷን ካየሽ ያላየሻቸው ብዙ አሉ» ያለቻት እናቷ ራሷ ናት። ፈታሹ ጋሽ ወርቅነህ አላያትም፤ በሩን ይዞ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ልዘጋ ነው» ይላል። ከበሩ ውጭ ደግሞ የሰፈሩ ጤፍ አለ። የወንዝ ማዶውን አረሙ ስለጨረሰው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

«ነይ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ እናቷ እጇን ጎተተቻት።

ትርሲት አንዴ ፍሬዋን፣ አንዴ ከበሩ ውጭ ያለውን ጤፍ አየች።

እናንተ ብትሆኑስ፣ ትናገሩ ነበር?