አራተኛው ጣሳ

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ይሄ አራተኛው ደግሞ የማን ነው?»

እትዬ ሸዋርካብሽ በተከራያቸው በሱሀይር በር ላይ ቆመው የድመቶቿን ጣሳ በከዘራቸው ይቆጥራሉ። ለአንድ ድመት አንድ ጣሳ፣ ሁሉም ምን አለሽ ተራ የተሠሩ ናቸው። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር የተሰቀለውን የኪራይ ውል ያስጻፉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው፦ «ድመት ከሦስት ካለፈ ቤት መልቀቅ ነው።» ሦስቱንም ወደው አልፈቀዱም፤ የሰባተኛ ሰፈር አይጥ እንኳን እህሉን ጫማውንም አይምር።

«ወላሂ የኔ ሦስት ናቸው፣ እትዬ። ይሄ የእንግዳ ነው።»

«የእንግዳ! ድመትም እንግዳ ይቀበላል?»

መቆጣት ነበረባቸው። ግን ነገር ጀምረው መተው አይችሉበትም፤ ዱካ ስበው ቁጭ አሉ።

«እስኪ ይምጣና ልየው። ካልመጣ ደብቀሻል ማለት ነው፤ ነገ ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ።»

«መሳለሚያ ድረስ ዞሬ ከነድመቶቼ የሚያስጠጋኝ አጣሁ፤ የት ልሂድ?» ሱሀይር የተቀቀለውን ሳንባ በየጣሳው እየጨመረች አቀረቀረች። «እንግዳውንም ባያዩት ይሻላል።»

ይሄ ጭራሽ አጓጓቸው። ሽታው እንዳይገባባቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሁዳዴ ነው።

«ያንቺዎቹስ ይብሉ። የኔ አለቃ ግን ተራ ድመት እንዳይመስልሽ! ጾሙ ከገባ ወተት አልቀመሰ፣ ሥጋ አላሸተተ። ሽሮ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ደግሞ መክሳት የለ፣ ይወፍራል! በረከት ነው።» ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤታቸው አመተ ሥላሴማ ራሱን ዳብሳ እጇን ስማለች።

ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። ትልቅ ግራጫ ድመት ወርዶ፣ ሦስቱን አልፎ፣ ቀጥ ብሎ አራተኛው ጣሳ ላይ ተደፋ። ሦስቱ ቀናም አላሉ፤ ለምደውታል። አንገቱ ላይ እትዬ ከነጠላቸው ጥለት ቀደው ያሰሩለት ቀይ ክር አለ።

«በስመ አብ! አለቃ!»

በሁዳዴ ሥጋ! ያውም የእስላም ሥጋ! ፊታቸው እሳት ሆነ፤ ከልባቸው አፈሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቅበላ ማግስት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ሲያሞግሱት እሰማለሁ። ደስታዎን እንዴት ልንጠቅዎ?»

ከግቢው የአመተ ሥላሴ ድምፅ መጣ። «እትዬ! ጿሚውን የሚያይ እንግዳ ይዣለሁ! ወዴት ነዎት?»

እትዬ ሸዋርካብሽ ከዱካው ተስፈንጥረው ተነሡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«ውሉን አውርጂው» አሉ በሹክሹክታ። «ሦስት የሚለውን አራት አድርጊው።»

አለቃ የጣሳውን ቂጥ ሲልስ ጣሳው ወለሉ ላይ ተንኳኳ። እትዬ እንደ ምንም ተንበርክከው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ያዙለት።

«ቀስ በል አንተ፤ ይሰሙሃል!»