የስንዱ ጠባሳ

ቃለአብ ሲወለድ አባቱ ለወራት ከቤት ርቆ ጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና እየነዳ ነበር፤ ሲያወራው ግን ከሚስቱ አልጋ አጠገብ የቆመ ይመስላል። «አሥር ሐኪም ተረባርቦ በኦፐሬሽን ያወጣው ጉድ ነው! ልጅ አይደለም፣ የአንበሳ ደቦል!» ይላል። ለምስክርነትም የሚስቱን የስንዱን የሆድ ጠባሳ ይጠራል።

ሁለተኛው ልጅ ግን በጠበልም በመድኃኒትም እምቢ አለ። የመካንነት ሐኪሟ «ኦፐሬሽኑ ማህፀኗ ላይ የተወው ጠባሳ ፈሳሽ ከቋጠረ፣ የምናስገባው ፅንስ ላይይዝ ይችላል። መጀመሪያ ካሜራ አስገብተን እንየው» ስትል፣ የስንዱ ፊት አመድ መሰለ።

«ይቅርብን፣ እንሂድ» አለችው።

«አይዞሽ ስንድዬ! ቢላዋ ያልፈራሽ ካሜራ ትፈሪያለሽ?»

ሐኪሟ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቆየች። ሾፌሩን ላብ አጠመቀው። ያ የሚፎክርበት ጠባሳ የልጁን ወንድም ሊያስቀርበት ነው።

«ምንም ጠባሳ የለም» አለች በመጨረሻ።

«አላልኩም! የኔን ሚስት ሲያይ ቁስል እንኳ ይሸሻል!»

«ሆዷን የቀደዱት ለትርፍ አንጀት መሆን አለበት። ይህ ማህፀን ግን በኦፐሬሽንም በምጥም ወልዶ አያውቅም።»

ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከበሩ ውጭ ቃለአብ «እማዬ፣ ወንድሜን አገኛችሁት?» እያለ ያንኳኳል።