የጨረቃ ግርዶሽ በብሎክ ሰባት

"ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የጨረቃ ግርዶሽ ስላለ ግቢ ወርደን አብረን እንይ" ብላ ደረጃው ላይ የለጠፈችውን ማስታወቂያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በዚያ ሰዓት ተከታታይ ድራማ አለ። ማስታወቂያውን የለጠፈችው ወጣት የፊዚክስ መምህርት ግን ጎረቤቶቿ ይህቺን አንዲት ምሽት ቀና ብለው እንዲያዩ በጣም ጓጉታ ነበር።

ደግነቱ ሁለት ሰዓት ላይ የብሎኩ መብራት ጠፋ። ሁሉም እያጉረመረመ ወረደ።

"መነጽር ሳናደርግ? ዓይናችንስ?" አሉ እትዬ ዘርፌ።

"ለጨረቃ አያስፈልግም" አለች መምህርቷ። "ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሃል ስትገባ ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል። አሁን ትቀላለች።"

ቀላች። ከሰዓት በላይ ሲያዩ ስለ ድራማው ያነሳ አልነበረም።

"አሁን ደግሞ ከአራት ደቂቃ በኋላ ከታች በኩል ብርሃኗ ይመለሳል።"

ተመለሰ። ጋሽ ተካልኝ አጨበጨቡ። "አንቺ ልጅ፣ የጨረቃን በደቂቃ ካወቅሽ የኛ መብራትስ መቼ ይመጣል?"

ትንሽ አሰበች።

"በአምስት ደቂቃ" ብላ ወደ ሕንፃው ገባች።

በአምስተኛው ደቂቃ መስኮቱ ሁሉ በራ። ግቢው በእልልታ ሲቀልጥ፣ እሷ የመብራት ቆጣሪውን ክፍል በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።