ትንሹ ቴሌቪዥን

አቶ መኩሪያ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም፤ ከግድግዳው ጋር ተፋጠው ይውላሉ። ልጃቸው ትርሲት ቴሌቪዥን ልትገዛላቸው ተነሳች።

«ባለን ብር ወይ ትልቁን ከነዲሹ፣ ወይ በኢንተርኔት የሚሠራውን ትንሹን ነው መግዛት የምንችለው» አለቻቸው።

«ትንሹን።»

«አባዬ፣ ዓይንህ እኮ ደክሟል!»

«ትንሹን አልኩሽ!»

ገዝታ እንደገጠመችው፣ «የፈረሰውን ሰፈራችንን ፈልጊልኝ» አሏት። አንድ ሰው ከመፍረሱ በፊት በመንደሩ እየሄደ የቀረጸውን ቪዲዮ አገኘች። ወፍጮ ቤቱ አለፈ፤ ቀጥሎ የእነሱ በር መጣ።

«አቁሚው!»

በሩ ላይ አምና ያረፉት እናቷ ቆመው ጎመን ይመርጣሉ።

«ጎረቤታችን ይህንኑ በስልኳ አሳይታኝ ነበር» አሉ አባቷ። «የእናትሽ ፊት ግን አልለይ አለኝ።»