የኒልጉን ነገር

«ትወደዋለች!» ይላሉ እትዬ ሐሚዳ፣ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው። «ዓይኗን አታዪም እንዴ? ጓደኛ እንዲህ አያይም።»

«ቢዋደዱ ኖሮ እስካሁን ምን ያስጠብቃቸዋል?» ትላለች ሮሃ። «ልጆቹን ስላጠበች፣ ወጥ ስለሠራችላቸው ፍቅር ነው ማለት ነው? ጓደኛዋ የሞተችባት ሴት ናት።»

ጭኗ ላይ ኢሊሊ ተኝታለች። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን ሮሃ ጠዋት ሠርታታለች።

እሁድ ከሰዓት ነው፤ የሳምንቱ ድጋሚ ይታያል። ወደ አማርኛ የተመለሰው የቱርክ ድራማ ከተጀመረ ዓመታት ሆኖታል። በዚህ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ብሎክ ደግሞ ድራማው የሚታየው አልጣሽ ቤት ነው። ትልቁን ቴሌቪዥን ያስገዛችው እሷ ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ሄዳ እሷም ልጁም ሳይመለሱ ከቀሩ ግማሽ ዓመት አልፏል። ጎረቤቶቿ ግን መምጣት አልተዉም። መጀመሪያ ለለቅሶ ነበር፤ በኋላ ባሏ ምልኬሳ ራሱ፣ «ክፈቱት እንጂ፣ ጭር ያለ ቤት ያስፈራኛል» አላቸው።

ሮሃና አልጣሽ ቦሌ ለሚ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰፉ ነበር። ምልኬሳ ሲኖትራክ ይነዳል፤ አሸዋ ሊጭን ሳይነጋ ይወጣል፣ ሲመለስ መሽቷል። ስለዚህ ሮሃ ከሥራ ስትወጣ የአልጣሽን ልጅ ኢሊሊን ከጎረቤቷ ከእትዬ ሐሚዳ ተቀብላ ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ አስተኝታት ወደ ኪራይ ቤቷ ትሄዳለች። ማንም አላዘዛትም።

ዛሬ እሁድ ስለሆነ ምልኬሳ ቤት ነው፣ ኩሽና ውስጥ። የአልጣሽ ታላቅ እህት አዝመራም ከአያት ሰፈር መጥታለች። ከል እንደለበሰች ናት። ከገባች ጀምሮ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ማናት እሷ?» ትላለች ድንገት፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች።

«ኒልጉን ናታ!» ይላሉ እትዬ ሐሚዳ፣ ወደ ጨዋታው ስለገባች ደስ ብሏቸው። «የሟች ጓደኛ። ሰሊም ደግሞ የሟች ባል። ከፊሉ ሰው ይጋቡ ይላል፣ ከፊሉ ደግሞ . . .» የሚሉትን ያወቁት ይኼኔ ነው። ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ። «ያው የቱርክ ነገር ነው እንግዲህ።»

«እኔ ልንገራችሁ» ትላለች አዝመራ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የሟች ልብስ ከቁም ሳጥን ሳይወጣ ጓዳዋ ገብታ ድስት የምታማስል ሴት፣ ለልጅ ብላ አይደለም። ልጅ ሰበብ ነው።»

«ታዲያ ልጅ ይራብ?» ሮሃ ስለ ኒልጉን ነው የምትናገረው፤ ቢያንስ ስትጀምር ስለ ኒልጉን ነበር። «ዘመድ የት ነበር? ቀብር ላይ ደረት መምታት ማን ያቅተዋል! ትኩሳት የያዛት ሌሊት ማን ነበር አዝሏት ሐኪም ቤት የሮጠ?»

ድራማው ውስጥ ትኩሳት የያዛት ሴት ልጅ የለችም። የሰሊም ልጆች ሁለቱም ወንዶች ናቸው።

«እኔ ስለ ቱርኳ ነው ያወራሁት» ትላለች አዝመራ።

በጫጫታው ኢሊሊ ትነቃለች። ዓይኗን ሳትገልጥ በትንሽ እጇ የሮሃን አንገት ትፈልጋለች። እስከዛሬ «ሎሃ» ነበር የምትላት፤ «ረ» አልያዘላትም።

«እማዬ» ትላለች፣ «ውሃ።»

እትዬ ሐሚዳ ቀስ ብለው «ያ ረቢ» ይላሉ። አዝመራ አልተቆጣችም። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ይጨማደድና ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭናለች። «እህቴን» ትላለች፣ «እህቴን ከልጇ አፍ ላይ እንኳ ነጠቃችኋት።»

ምልኬሳ «ውሃ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ኩባያ ይዞ ከኩሽና ይወጣል። ኩባያውን አጠገቡ ያለችውን አዝመራን አልፎ ለሮሃ ያቀብላል። «ለብ አድርጌዋለሁ፣ አንቺ እንዳልሽው» ይላታል። ከዚያ ፊታቸውን ያያል። «ምነው? ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»



ሮሃ ልጅቷን ታጠጣታለች። አፏን በመዳፏ ትጠርግላትና አንስታ አዝመራ ጭን ላይ ታስቀምጣታለች። ኢሊሊ ወደ ኋላ ትንጠራራለች፣ የሮሃን እጅጌ አልለቅም ትላለች። ሮሃ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታላቅቃለች።

«ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ትላለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ስለ ማታው ከእትዬ ሐሚዳ ጋር ተነጋገሩ።»

ምልኬሳ በባዶ እግሩ እስከ ደጃፍ ይከተላታል። «ሮሃ፣ ምን አጠፋሁ?»

ቀና ብላ ታየዋለች። ከስቷል፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነው። እጇ ትከሻውን ሊነካ ይነሳል። መነሳቱን ስታውቅ መልሳ ቦርሳዋን ትጨብጣለች።

«ምንም አላጠፋህም። ግባ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች።»

ሁለት ፎቅ እስክትወርድ ለቅሶው ይከተላታል። ደረጃው ላይ ትቆማለች። ንዴቱ አሁን ነው የሚመጣባት። ተመልሳ ልትገባ ታስባለች፤ አዝመራ ፊት ልትቆም፣ ልትምልላት። ተራ መሐላ ሳይሆን የሰውን አፍ የሚያዘጋ መሐላ። ምን እንደምትል በለሆሳስ ትሞክረዋለች።

«በአልጣሽ ሞት፣ አንድም ቀን ስለ ምልኬሳ አስቤ . . .»

ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ትጀምራለች።

«በአልጣሽ ሞት . . .»

ከታች የሚወጣ ሰው ኮቴ ይሰማል። ሮሃ ግድግዳውን ተጠግታ ታሳልፈዋለች፤ «ደህና ዋልሽ» ሲላት ለመመለስ እንኳ አፏ አይከፈትላትም።